ለሱሪያ የቆረጥኩት ዲስክ

መርቅነህ ነው ያየኸው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ያን ቀን ጫት አፌ አልገባም። ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 2011 ነው። ቦታው ጅቡቲ፣ አርሂባ፣ የእህቴ የሱሪያ ጥልፍ ቤት። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

ጅቡቲ የኖረ ሰው ያቺን ሰዓት ያውቃታል። ጫት ገብቷል። ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል። ውሻ እንኳ ከመኪና ስር አይወጣም።

ጨለማ የለም... ፀሐዩ ቁልጭ ብሎ ነው።

ሱሪያ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። አላህ ይርሀማት። ድሪያ፣ ያን ሰፊውን የሠርግ ቀሚስ፣ ትጠልፍ ነበር። ድሮ በእጇ ነበር የምትሠራው፤ ልጇን ሁዳንም አስተምራታለች። ቀኝ እጅ ከላይ ይወጋል፣ ግራ እጅ ከጨርቁ ስር ሆኖ መርፌውን ተቀብሎ ይመልሳል።

በኋላ የጥልፍ ማሽን ገዛች። ንድፉን ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች፣ ኮምፒውተሩ በገመድ ወደ ማሽኑ ይልካል። ችግሩ፣ ፕሮግራሙ ከዊንዶውስ 98 ውጪ አይሠራም። ኮምፒውተሩን ደግሞ የባሕሩ ጨው በልቶት ሊሞት ነበር።

እኔን ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም። ያበላሸሁትን ስጠግን ነው የለመድኩት። ሱሪያ ከሞተች በኋላ ሥራዋ እንዳይጠፋ ብዬ፣ ገዝቼ ባመጣሁት አዲስ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ፈጠርኩ... እንደ ፕሮግራም የሚከፈትና የሚዘጋ፣ የራሱ አካል የሌለው። ዊንዶውስ 98ን እዚያ ውስጥ ላኖረው አሰብኩ።

እንዲህ ላለው ውስጠኛ ኮምፒውተር የዲስኩን ቦታ አስቀድሞ ማቀድ ያስፈልጋል። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ፋይል በገባ ቁጥር እያደገ ይሄዳል። ሌላው መጠኑ አንዴ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

እኔ ቆረጥኩ። ጠበብ አድርጌ።

የቀረው ቦታ ለፊልሞቼና ለኳስ ጨዋታዎቼ እንዲተርፍ ብዬ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ሁዳ ያን ጊዜ በበሩ ስታልፍ አይታኝ፣ «ዲስኩን እንደ ስስታም ልብስ ሰፊ ነው የምትቆርጠው» ብላ ሳቀችብኝ። እናቷ ጨርቅ ስትቆርጥ ሁልጊዜ ለስፌት ትርፍ ታስቀር ነበር።

ሲስተሙ ገባ። ፕሮግራሙ ገባ። የደንበኞች ንድፍ ገባ። አንድ ትልቅ ፎልደር ግን ቦታ አጣ።

በሁዳ ስም የተሰየመ ነበር። የልጅነት ፎቶዎቿ መሰሉኝ። ሳልከፍተው ተውኩት፣ አሮጌውን ኮምፒውተርም ለብረት ሰብሳቢ ሰጠሁት።

ሠርጓ ሲቃረብ ሁዳ ነጭ ጨርቅ ይዛ መጣች።

«አብቲ» አለችኝ። እዚህ የእናት ወንድም እንዲህ ነው የሚጠራው። «እማዬ የኔን ድሪያ ንድፍ ጨርሳዋለች። በስምሽ አስቀምጬልሻለሁ ብላኛለች።»

ያ ሳልከፍተው የተውኩት ፎልደር ነበር።

«እፈልገዋለሁ» አልኳት። እንደማላገኘው እያወቅኩ።

ጨርቁን የጥልፍ ማሽኑ ላይ ወጥራ፣ አመስግናኝ ወደ ፎቅ ወጣች። አመሰገነችኝ...

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጥልፍ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ጓደኞቼ ለጫት ጠርተውኛል፤ ከሰው ፊት መቀመጥ አፍሬ ቀረሁ። ለሁዳ የምነግራትን ውሸት እያዘጋጀሁ ነበር። ዲስኩ ተበላሸ... ቫይረስ በላው...

ኮምፒውተሩ አስጠነቀቀኝ። ቦታ ሊያልቅ ነው።

ትናንት ሰፊ ቦታ ነበረው።

ፊልሞቼን አየሁ። እንዳሉ ናቸው። ቀጥሎ ለሱሪያ የቆረጥኩትን ዲስክ አየሁ።

አድጓል።

የማያድገው ዲስክ... ያውም ውስጠኛው ኮምፒውተር ተዘግቶ ሳለ።

ዓይኔን ጠርጌ እንደገና አየሁ። አሁንም እየጨመረ ነው። ቀስ እያለ... ቀስ እያለ...

ውስጠኛውን ኮምፒውተር ከፈትኩት። ዊንዶውስ 98 ተነሳ። ከፎልደሮቹ መካከል እኔ ያልገለበጥኩት አንድ ነበር።

የሁዳ።

ውስጡ ፎቶ የለም። አንድ ንድፍ ብቻ። ከአንገት እስከ እግር የሚወርድ አበባ። የሱሪያ ሥራ ነው፤ ቅጠል ስትስል ጫፉን እንዲያ ወደ ግራ የምታጥፍ እሷ ብቻ ነበረች።

ወደ ጥልፍ ማሽኑ መላኪያውን ቁልፍ አልነካሁም። በአላህ ስም፣ አልነካሁም።

ከኋላዬ የጥልፍ ማሽኑ ጀመረ።

ጠክ... ጠክ... ጠክ...

ዞርኩ። መርፌው ይወርዳል፣ ይወጣል። ክር የለበትም። ባዶውን ነጩን ጨርቅ እየበሳ ይሄዳል።

እጄ የጥልፍ ማሽኑ ሶኬት ላይ ደረሰ። ሱሪያ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ልቆርጥባት መሆኔን አውቄያለሁ። አውቄም ነቀልኩት።

ማሽኑ አልቆመም።

«አብቲ...»

ሁዳ በሩ ላይ ቆማለች። ድምፁን ሰምታ ወርዳ ነው።

«ማነው የሚጠልፈው?» አለች በሹክሹክታ።

«እኔ አይደለሁም።»

መርፌው የመጨረሻውን ቅጠል በስቶ ቆመ። ሁዳ ቀረብ ብላ ጣቷን በቀዳዳዎቹ ላይ አስኬደች። የተነቀለውን ገመድ አላየችውም።

«አገኘኸው» አለችኝ። ፊቷ በራ።

አዎ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ማሽኑ ከጀርባዋ ነበር፣ መርፌውም ወደኔ የዞረ መሰለኝ።

«አላገኘሁትም። ከአሮጌው ጋር ሰጥቼው ነበር» አልኳት። «ሳልከፍተው።»

«ለምን?»

«ቦታ... ለፊልም።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጨርቁን እንደተወጠረ አወጣችው፣ እናቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ መርፌ ላይ ወርቃማ ክር አስገባች። ቀዳዳዎቹን ተከትላ መጥለፍ ጀመረች።

ዓይኗን ማየት አፍሬ እጆቿን አየሁ።

ቀኝ እጇ መርፌውን ከላይ ይወጋል። ግራ እጇ ከጨርቁ ስር መሆን ነበረበት።

ግራ እጇ ፊቷ ላይ ነው። እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ነው።

መርፌው ግን ከስር ይመለስላታል... ክሩ ጠበቅ እያለ... የቅጠሉ ጫፍ ወደ ግራ እየታጠፈ።