ወፍረሻል

ደገፋ፣ ደርግ ቡልጋሪያ ልኮት እርሻ ተምሮ ሲመለስ፣ እጮኛውን ገዲሴን አውሮፕላን ማረፊያ እንዳያት መጀመሪያ ከአፉ የወጣው «ወፍረሻል» የሚል ቃል ነበር።

የላፍቶ ልጅ እንዲህ ሲል ማመስገኑ ነው። ተመችቶሻል፣ አምሮብሻል ማለቱ ነው። ገዲሴም ይህን አታጣውም። ግን ሰውዬው ከፈረንጅ አገር መምጣቱ ነው፤ በላከው ፎቶግራፍ ላይ አጠገቡ የቆሙት ሴቶች ደግሞ ሁሉም መቃ የመሰሉ ነበሩ። ዓይኑ ተለውጧል ብላ ደመደመች። ሰው አንዴ ሥጋት ከገባው ማን ያስጥለዋል?

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። ጎፋ ልብስ ስፌት አብራት የምትሠራው ውብነሽ፣ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ከሆነች እህቷ የሚያከሳ ክኒን አመጣችላት። ገዲሴ ለማንም ሳትናገር ትውጥ ጀመር። ምግብ አስጠላት፤ ቀሚሷ ሰፋት። ልቧ ግን ቁጭ ባለችበት ይደልቃል። ደገፋ በሚመጣ ቀን አንድ ክኒን ስለምትጨምር ያን ቀን ይብስባታል፤ እሷ ግን ፍቅር ነው ትላለች።

እሱም ስትከሳ እያየ፣ ጭንቀት ነው፣ ሳትወደኝ ልታገባኝ ነው ብሎ በውስጡ ይብሰለሰል ነበር።

አንድ ጠዋት ብስራተ ገብርኤል አውቶብስ ስትጠብቅ ወደቀች። ሐኪሙ ክኒኑ ልቧን እንደጎዳው፣ ከእንግዲህ ምቱን የሚያረጋጋ መድኃኒት ስትወስድ እንደምትኖር፣ መውለድም እንደሚያሰጋት ነገራት። ገዲሴ የሌላ ሰው ወሬ እንደምትሰማ ሆና ሰማችው። አላለቀሰችም።

ደገፋ መጥቶ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የክኒኑን ነገር ከሐኪሙ ሰምቷል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወፍረሻል አልከኛ።»

«ደስ ብሎኝ እኮ ነው። እዚያ ማንን እንዲህ እላለሁ? አንቺን ሳይ ነው አገሬ መግባቴን ያወቅኩት።»

ይህን ስትሰማ ልትጸጸት፣ ወይ ልትደሰት ይገባት ነበር። አንዱም አልመጣላትም። እጇን ሲይዛት እንኳ ልቧ በመድኃኒቱ ረግቶ ከወትሮው አልፈጠነም።

«ደገፋ፣ ልንገርህ» አለችው። «ያኔ ስትመጣ ልቤ ይመታ የነበረው ላንተ ይሁን ለክኒኑ አላውቅም። አሁን ስትይዘኝ ደግሞ ምንም አይሰማኝም። ሠርጉን ተወውና ጤነኛ ፈልግ።»

ደገፋ አልለቀቃትም። ጣቶቹን የእጇ አንጓ ላይ አሳርፎ የልቧን ምት ትንሽ አዳመጠ።

«ለእኔ ባይሆንም ግድ የለም» አላት። «ብቻ ይምታ።»

ገዲሴ ያኔም አላለቀሰችም፤ እጇን ግን እዚያው ተወችለት።