ስክሪኑ ዜሮ ብሎ ነበር

የመሳይ ሬሳ ከእንፋሎት በርሜሉ አጠገብ በነጠላ ተሸፍኗል። «ክፈተው» ያለችው አስቻለች ናት። ከእንጦጦ ግርጌ ባለችው የባሕር ዛፍ ዘይት ፋብሪካ የበርሜል ክዳን የሚከፈተው እሷ በስክሪን አይታ «ግፊቱ ዜሮ ነው» ስትል ብቻ ነው። ዛሬ ግን በርሜሉ እንደታፈነ ነበርና፣ ክዳኑ ሲነሳ የፈላው እንፋሎት መሳይን ገደለው። ልታለቅስ ሞከረች፤ እንባው እንቢ አላት።

ኢንስፔክተር ሰምሀል በርሜሉን ዞራ ዞራ አየችና አስቻለች አጠገብ ተቀመጠች።

«ይህ እንደሚያሳስርሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ቁጥሩ እንዴት ነበር?»

«እሳቱን ስናጠፋ ቀስ እያለ ወረደ። ዜሮ ገባ።»

«ሌላ መለኪያ የለም?»

«ኮምፒውተሩ ሲመጣ ተነቀለ።»

የኮምፒውተር ባለሙያው ጌቱ ግን ሳይጠየቅ ነው የተናገረው። «ከበርሜሉ ወደ ግፊት መለኪያው ሴንሰር የሚሄደው ቧንቧ ቫልቭ ተዘግቷል እኮ! እሷው ዘግታ ረስታው ነው። እኔ ከቢሮዬ አልወጣሁም።»

የፋብሪካው ባለቤት ወይዘሮ ሳሌም በበኩላቸው ስለ አዲሱ የትንኝ ማባረሪያ ቅባት አወሩ። «ቅመማውን ያገኘው የጌቱ ፕሮግራም ነው። ድርጅቱን ከፍ ያደረገው እሱ ነው። ብቻ መሳይ ስለ ቅባቱ ዛሬ ላናግርዎት ብሎኝ ነበር።»

ሰምሀል ወደ አስቻለች ተመለሰች። «ቅባቱ የማን ነው?»

«የመሳይ። ኮምፒውተሩ ሳይመጣ ጀምሮ እጄ ላይ እየቀባ ይሞክረው ነበር።»

«ለምን ዝም አላችሁ?»

«ኮምፒውተሩ ነው ሲባል ማን ይከራከራል? ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር የሚሞክር ሰውም ጠፋ። ምን ያደርግልናል?»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በርሜሉ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ሰው ሞቶ እንኳ ያ ስክሪን አረንጓዴውን እያበራ ነው።

«ቫልቩ ቀድሞ ተዘግቶ ቢሆን» አለች ሰምሀል፣ «ግፊቱ ቧንቧው ውስጥ ታፍኖ ቁጥሩ ባለበት ይቆም ነበር እንጂ አይወርድም። ያወረደው ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባ ሰው ነው። የይለፍ ቃሉ ያለው ደግሞ ጌቱ ብቻ ነው። ቫልቩን የዘጋው መሳይ ከሞተ በኋላ፣ በጫጫታው መሃል ነው፤ አስቻለች እንድትጠየቅበት። መዘጋቱን ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም። ከቢሮህ ካልወጣህ ማን ነገረህ፣ ጌቱ?»

«እ... ማለቴ...» ጌቱ ወይዘሮ ሳሌምን አየ። «መሳይ ሊያዋርደኝ ነበር። ሰው ሁሉ ቅባቱ የኔ ነው ብሎ አምኖ ነበር እኮ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ሰምሀል አስቻለችን ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። «በቃ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ። ጥፋት የለብሽም፤ ያታለለሽ ስክሪኑ ነው።»

አስቻለች ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ክዳኑ ገና ሳይከፈት ሲያፏጭ ሰምቼዋለሁ» አለች። «መሳይም ሰምቷል። ዞር ብሎ አየኝ። 'ዜሮ ነው፣ ክፈተው' አልኩት።»