ሬሳ እየሆነ የሚያስተምረው መምህር

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘች ምላሴ ይቆረጥ።

በወንጀል ፍትሕ ኮሌጅ ምርመራ የሚያስተምረው መምህር ለተግባር ፈተና ራሱ ሬሳ ሆኖ ይተኛ ነበር፤ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ አፍንጫው ላይ የንብ መንጋ ቢሰፍር ቅንድቡን የማይነቀንቅ ሰው። የዚያን ቀን ጠዋት አርባ ተማሪዎች አንድ ሰዓት ሙሉ ዙሪያውን ለኩት፤ አሻራ አነሡ፤ «ዛሬስ ከራሳቸው በለጡ» እያሉ ጻፉ። ፈተናው አልቆ «ጋሼ፣ ይነሡ» ቢሉት አልተነሣም። የራስ ቅሉ እንደ ገል ተፈርክሷል፤ ቀለም ነው ያሉት ደም እስከ በሩ ወርዷል።

የተጠራው መርማሪ በዓይኑ ብቻ በሬ የሚያንበረክክ ነበር። ሲደርስ አንዲት ተማሪ በካቴና ታስራ ጠበቀችው። ሬሳው አጠገብ ከተገኘው የብረት ዱላ ላይ የራሷ ጓደኞች ያነሡት አሻራ የእሷ ነው። ልትመረቅ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል።

«ዱላውን ለምን ነካሽ?»

«ትናንት ከመጋዘን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አለቃ። ጋሼ አዘውኝ።»

«በፈተና ሊጥሉሽ ነበር አሉ።»

«እሳቸው ማንን አሳልፈው ያውቃሉ?»

መርማሪው ሳቀ። ልጅቱ አንጀቱን በላችው። ከዚያ አርባውን የፈተና ወረቀት አስመጥቶ እንደ ቆመ አነበበና ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው።

«ሬሳ ይነካል?»

«አይነካም» አሉ ባንድ ድምፅ።

«ግንባርና ጆሮ ግንዱ ላይ ያሉት ሁለት ቁስሎች ለማንም ይታያሉ። ሦስተኛው ማጅራቱ ላይ ነው፤ በጀርባው ተኝቶ አይታይም። ሠላሳ ዘጠኛችሁ ሁለት ብላችሁ ጻፋችሁ። አንዱ ብቻ ሦስት አለ። ሳይነካ በምን ዐወቀ? የመታ ያውቃል።»

ሦስት ብሎ የጻፈውን የክፍሉን አንደኛ ላብ አጠመቀው። «ጋሼ ይሙቱ፣ ጭንቅላታቸውን ቀና አድርጌ ነው። ሙሉ ማርክ ፈልጌ።»

«ሞተዋል እኮ» አለው አንዱ ከኋላ።

መርማሪው የክፍሉን አንደኛ በጥፊ ከግድግዳው ጋር አጋጨው፤ አፍንጫው ደም ተፋ። ካቴናው ከልጅቱ እጅ ወልቆ እሱ እጅ ላይ ገባ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊነቅለው ነበር።

«ልጄ፣ እሱስ እውነቱን ነው» አሉ ጥግ ላይ የቆሙ አንዲት አሮጊት ጽዳት ሠራተኛ፣ መወልወያቸውን ተደግፈው፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «በፈተናው መሐል ሰው ዘወር ሲል ቀና ሲያደርጋቸው በመስኮት አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ማን መታቸው?»

«ያቺ የፈታሃት ናት። ተማሪው ሳይመጣ፣ በማለዳ። ሁለቱን ፊት ለፊት፣ አንዱን ሲያጎነብሱ ከኋላ መታቻቸው። ሁልጊዜ እንደሚለማመዱት መስሎኝ ወለሉ እስኪለቀቅልኝ ቆሜ ጠበቅኩ።»

«እስካሁን ዝም ያሉት ለምንድን ነው?»

«ማን ጠየቀኝ?»

መርማሪው ዞረ። ልጅቱ የቆመችበት ቦታ ባዶ ነበር፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፍቷል።