የተነጠፈው አልጋ

ሌባ የሰረቀውን ሰው አልጋ አንጥፎ ለምን ይሄዳል?

መርማሪው ክፍሉ መሃል ቆሞ ራሱን የጠየቀው ይህን ነበር።

በሩ አልተሰበረም። ቁም ሣጥኑ አልተነካም። ቴሌቪዥኑ በቦታው አለ። የጠፋው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ከፍራሹ ስር የነበረው የቤቱ ካርታ።

«ከፍራሽ ስር?» አለ።

«የት ላስቀምጠው ኖሯል?» አለች ባለቤቲቱ። «ለሃያ ዓመት ማንም አልነካውም።»

ጡረታ የወጣች የሆስፒታል ሜትረን፣ የነርሶች አለቃ፣ ናት። ከወጣች አምስት ዓመት ቢሆናትም ሰፈሩ ዛሬም የሚጠራት «ሜትረኗ» እያለ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለጡረታ ጉዳይ ወጥታ ስድስት ሰዓት ላይ ስትመለስ፣ መጀመሪያ ያስደነገጣት የወረቀቱ መጥፋት አልነበረም።

«አልጋው ነው» አለች። «ሠላሳ አራት ዓመት የሰው አልጋ ሳነጥፍና ሳስነጥፍ ኖርኩ። ጡረታ የወጣሁ ዕለት፣ ከእንግዲህ የራሴን አላነጥፍም ብዬ ማልኩ። ብርድ ልብሱን እንደተከመረ ትቼው ነው የምወጣው። አሁን ተመልከተው!»

ተመለከተው። አንሶላው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ማዕዘኑ እንደ ፖስታ ታጥፎ ከፍራሹ ስር ገብቷል። የትራስ ልብሱ አፍ ከበሩ በተቃራኒ ዞሯል።

አብሮት የመጣው ሃምሳ አለቃ ሳቀ። «ይህን ሌባ ስናገኘው፣ ከመታሰሩ በፊት አንድ ቀን እኔ ቤት ይዋል።»

ሜትረኗ አልሳቀችም። «ዓርብ አሥር ሰዓት ነው የምንፈርመው። ይህን ሸጬ ያገኘኋትን ትንሽ ቤት ልገዛ። ካርታው ከሌለ ገዢዬ ይሄዳል፤ ትንሿም ቤት ለሌላ ትሰጣለች። ሌላ ቤት የምፈልግበት ሦስት ዓመት የለኝም።»

መርማሪው ባህር ማዶ ሰባት ዓመት ተምሮ ከተመለሰ ገና ዓመቱ ነው። ባልደረቦቹ «ፕሮፌሰር» ይሉታል፤ ማሞገሳቸው እንዳልሆነ ያውቃል። ከትምህርቱ ያመጣው የአሻራ ዱቄትና ብሩሽ እዚህ ቤት አልረዳውም። ቁልፉ ከአበባ ማሰሮው ስር እንደሚቀመጥ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም በቤቱ ሲወጡና ሲገቡ የኖሩ፤ አሻራቸው በየቦታው ነው። የወንድሟ ልጅ፣ ደላላው፣ በጓሮው ክፍል የምትኖረው የድሮ ባልደረባዋ።

መጀመሪያ የወንድሟን ልጅ ጣቢያ አስጠራው። ታክሲ ነጂ ነው።

«ቤቱ እንዳይሸጥ ትፈልጋለህ አሉ።»

«አይሸጥ አላልኩም። ግማሹ የሟች አባቴ ድርሻ ነው፤ ሁለት ዓመት ብንታገስ ዋጋው ይጨምራል ነው ያልኩት። አክስቴ ምን አለችኝ? ‹ለሁለት ዓመቷ ዋሴ አንተ ነህ?› ምን ይመለስላታል?»

«ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ጋራዥ። መኪናዬ ሆዷን ተከፍታ ተኝታለች፤ እኔ አስታማሚ።»

መርማሪው ወደ ጥግ ጠቆመው። የተረኛ ፖሊስ አልጋ ነው። «እስቲ አንጥፈው።»

«ምን?»

«አንሶላው ያውልህ። አንጥፈው።»

ሰውየው ሃምሳ አለቃውን አየ። ሃምሳ አለቃው ጣሪያውን አየ። አንሶላው ተወረወረ፤ ግማሹ መሬት ላይ ቀረ።

«ሚስቴ ይህን ብታይ ታቅፍህ ነበር» አለ ታክሲ ነጂው። «አሥር ዓመት ስትለምነኝ እምቢ ያልኩትን ፖሊስ አሠራኝ።»

ጋራዡ ተጠየቀ። እውነቱን ነው፤ እስከ ሰባት ሰዓት እዚያው ነበር።

ደላላው ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ወሬውን ጀመረ።

«አለቃዬ፣ ካርታውን ወሰድኩ ማለት የገዛ ኮሚሽኔን ሰረቅኩ ማለት ነው። ሦስት ዓመት ጫማ አስጨረሰችኝ! አርባ አንድ ቤት! ይሄ አገር እንደሆነ ኑሮው ጣሪያ ነክቷል፤ በጡረተኛ አቅም የሚገኘው ቤት ውስጡ ስትገባ ጀርባህ ውጭ የሚቀር ነው። ቢሆንም አንድ ክፍል አገኘሁላት። ንጹሕ፣ ርካሽ፣ ለአንድ ሰው የተሠራ። እምቢ አለች።»

«ለምን?»

«ሁለት ክፍል ካልሆነ! ሁለቱም መስኮት ይኑራቸው! ፎቅ አይሁን፣ ደጃፉ ላይ አንዲት ደረጃ እንኳ አትኑር! በመጨረሻ አውቶቡሱ ከሚዞርበት ጫፍ ላይ ነው ያገኘሁላት።»

«ጉልበቷን ያማታል እንዴ?»

«እሷን? ፎቅ ስንወጣ እኮ ቀድማኝ ደርሳ ‹ና እንጂ አንተ ሽማግሌ› የምትለኝ እሷ ናት!»

መርማሪው ማስታወሻው ላይ «ደረጃ» ብሎ ጻፈ፤ ከስሩ አሰመረበት። ከዚያ ተጠራጠረና ሊሰርዘው ፈለገ። ተወው።

ደላላው አልጋ እንዲያነጥፍ ሲጠየቅ ብርድ ልብሱን ከአንሶላው ስር አደረገው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መርማሪው ብቻውን ወደ ጓሮው ክፍል ሄደ። በሩን የከፈተችው ሴት ቀጭን ናት። በሆስፒታሉ ሠላሳ ዓመት አዋልዳለች፤ የሰፈሩ ሰው «አዋላጇ» ይላታል። ወደ ወንበሯ ስትመለስ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነው።

«ግባ ልጄ። ጠባብ ናት፤ ተጠጋግተን እንቀመጣለን።»

አልጋዋን አየ። አንሶላው ተወጥሯል። ማዕዘኑ እንደ ፖስታ ታጥፏል።

«ሲስተር፣ አልጋዎን ማን ነው የሚያነጥፍልዎ?»

«ማን ያነጥፍልኛል? ንግሥት መሰልኩህ?»

«የትራሱ አፍ ለምን ወደ ግድግዳ ዞረ?»

ፈገግ አለች። «ይህን የሚጠይቅ ፖሊስም አለ? ከበር ለሚገባ ሰው እንዳይታይ ነው። ተማሪ ሳለን አስተማሪያችን ክፉ ነበረች፤ በማስመሪያ ነበር እጃችንን የምትመታን። ‹አልጋ ከነካሽ ሳታነጥፊ አትሄጂም፤ እሳት ቢነሳም...›»

ንግግሯን ገታች። እጆቿን የሌላ ሰው እጆች ይመስል አየቻቸው።

ውጭ ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል።

«ማክሰኞም ሳያነጥፉ መሄድ አልቻሉም» አለ መርማሪው ዝግ ብሎ።

«ሞክሬ ነበር» አለች። «ወረቀቱን ይዤ በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ዞር ብዬ ሳየው ፍራሹ ተጣሟል፣ አንሶላው መሬት ወርዷል። እንዴት ብዬ እንደዚያ ትቼው ልሂድ?»

ተነሥታ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው አሮጌ ነጭ የሥራ ልብሷ ኪስ ውስጥ ካርታውን አወጣች። አልተጨማደደም።

«ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ኖርኩ። ኪራይ ብላ የምትቀበለኝ ለስሙ ያህል ነው። ቤቱ ሲሸጥ እሷ ቤቷ ትገባለች። እኔስ? ሰባት ቦታ ጠየቅሁ። ጡረታዬን እንዳለ ለኪራይ ብሰጥ የጓሮ ክፍል እንኳ አላገኝም። ዓርብ ብቻ እንዲያልፍ ነው የፈለግሁት። ገዢው ተስፋ ቆርጦ ቢሄድ ሌላ እስኪመጣ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል። ከዚያ ቦታው እመልሰው ነበር።»

«ወዴት ልግባ ብለዋት ያውቃሉ?»

«ይዘሽኝ ሂጂ ልበላት? እሷ ካላነሳችው ያው መልሱ ነው።»

መርማሪው ዝም ሊል ይገባው እንደሆነ አላወቀም። ተናገረ።

«የምትገዛው ሁለት ክፍል ነው።»

«እናስ?»

«ደጃፉ ደረጃ የለውም። አርባ ቤት ጥላ ነው ያንን የመረጠችው። እሷን ደግሞ ጉልበቷን አያማትም።»

አዋላጇ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። አንሶላው ተሸበሸበ። አላስተካከለችውም።

ሜትረኗ ካርታውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ማን እንደወሰደው ሲነግራት ወደ ጓሮው ዞር ብላ አየች።

«ማዕዘኑን አላዩትም?» አላት።

«ዓይኔ እያየ አላየሁትም። ሰው አልጋ ሌላ ዓይነት እንደሚያነጥፍ ረስቼዋለሁ።»

«ሁለተኛው ክፍል የእሷ መሆኑን ለምን አልነገሯትም?»

«ውጤት ሳይወጣ ለታማሚ አይነገርም» አለች። «እንዲህ ነው የሠራነው፤ እሷም እኔም። አርባ ቤት እጄ ላይ ፈረሰ። አርባ ጊዜ ተስፋ ሰጥቼ አርባ ጊዜ ልንሳት? ዓርብ ፈርሜ፣ ቁልፉን ይዤ ነበር የምነግራት።» ድምጿ ተሰበረ። «እሷ ግን ታማሚዬ አልነበረችም፤ አይደል?»

ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። «ክሱን ቅደደው። ወረቀቱ ከፍራሹ ስር ተንሸራቶ ነበር ብለህ ጻፍ።»

«ሐሰት አልጽፍም፣ ሲስተር።»

«እንግዲያው ተገኝቷል በል። እሱ እውነት ነው። ዛሬ ማታ አላናግራትም፤ እፍረቷ ይብረድላት። ነገ ቁልፉን ይዤ እገባለሁ።»

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ፈረመች። ሁለት ቁልፍ ይዛ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሰች። የጓሮው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። በሽተኛ ከክፍል ሲወጣ እንደሚደረገው፣ ፍራሹ ለሁለት ታጥፏል። አንሶላዎቹ እኩል እኩል ተጣጥፈው ተደርድረዋል። የክፍሉ ቁልፍ ከላያቸው ተቀምጧል።

አዋላጇ ወዴት እንደሄደች ያየ የለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መርማሪው መዝገቡን የሚዘጋ ፊርማ ፈልጎ እስከ አውቶቡሱ መጨረሻ ተጓዘ። ትንሿ ቤት እውነትም ደረጃ የላትም። ሜትረኗ እየፈረመች እሱ ወደ ሁለተኛው ክፍል አየ። በመስኮቱ የጠዋት ፀሐይ ገብቷል። አዲሱ ፍራሽ ራቁቱን ነው፤ አንሶላው ከነእጥፋቱ ላዩ ላይ ተቀምጧል።

ያኔ ስለ ሁለቱ ክፍሎች ባልነግራት ኖሮ ትቀር ነበር ይሆን? ብሎ አሰበ።

«ስልኳ ይሠራል» አለች ሜትረኗ። «ስደውል አታነሳም እንጂ።» የራሷን ስልክ ሰጠችው። የላከችው ጽሑፍ አዲሱ ቤት በገባችበት ምሽት የተጻፈ ነው።

«ያንቺኛው ክፍል ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። ፍራሹን ከሱቅ እንደመጣ ትቼዋለሁ፤ እኔ አላነጥፍም፣ ታውቂኛለሽ። ነይና አንጥፊው።»

ከስሩ «ደርሷል» ይላል። ሌላ ምንም የለም።