የጌታቸው ቅራቅንቦ

ጌታቸው ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ አካባቢ ባለው የጽሕፈት ሱቁ ውስጥ፣ ከኋላው ደረጃ ሥር ማጅራቱን ተመትቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ሲያረዷት ሚስቱ ብርሃነሽ አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ደረቷን እስክትመታ ይጠብቃል፤ እሷ ግን ቡታጋዙ መዘጋቱን ልታይ ጓዳ ገባች።

በዚያው ቀን ታናሽ ወንድሟ ኤርሚያስ ተያዘ። ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል አሉ። «የሞተውም የታሰረውም የኔ» አለች።

ከሠልስቱ በኋላ ኢንስፔክተር ማርያማዊት ሐይቅ ዳር ወዳለው የብርሃነሽ ቤት መጣች። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። መርማሪዋ ጌታቸው ቤት ሲሆን የሚሠራበት ክፍል ገብታ ተቀመጠችና በቅድሚያ ጠሀን ጠራች። ጠሀ ከጽሕፈት ሱቁ ሥር ደብተርና ወረቀት የሚነግድ ሰው ነው።

«ምን ሲባባሉ ሰማህ?»

«ኤርሚያስ ‹አልፈልግም› ሲል ብቻ። እሱም ወዲያው ሄደ። ከሰዓት ደጃፌ ላይ ዕቃ ሳስወርድ ነበር፤ በፊት ለፊት የወጣም የገባም የለም።»

«በኋላስ?»

«የኋላው በር ቁልፍ ያለው ጋሽ ጌታቸውና በኃይሉ ጋ ብቻ ነው።»

በኃይሉ የሱቁ ጸሐፊ ነው፤ እዚያው ነው ጢም ያወጣው። ለቅሶው ላይ ለእንግዳ ውኃ ሲያቀርብ የሰነበተውም እሱ ነው።

«እኔ ያን ዕለት ከሰዓት እዚህ ነበርኩ» አለ። «ጋሽ ጌታቸው የቤቱን ቁልፍ ሰጥተውኝ፣ ቴክስት ኤዲተር ስጭንላቸው። መጻፊያ ፕሮግራም ነው። እትዬ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ።»

ብርሃነሽ ራሷን ነቀነቀች። ባሏ በኃይሉ እንደሚመጣ ነግሯት ነበር።

«ዓይነቱ ብዙ ነው ይባላል። የትኛውን መረጥክ?»

«የመጨረሻውን፣ ለአዲስ ኮምፒውተር የሚሆነውን 64 ቢት። ወዲያው ሠራ፤ በአማርኛም ጻፍኩበት። አዲስ ኮምፒውተር ምን ያስቸግራል።»

ማርያማዊት ሰፊውን አዲስ ስክሪን አየችው፤ ከጠረጴዛው ሥር የተጋረደውን ጨርቅም አየች። በኃይሉን ካሰናበተች በኋላ ወደ ብርሃነሽ ዞረች።

«ኮምፒውተሩ መቼ ተገዛ?»

«ስክሪኑ ነው የተገዛው፣ ዐይኑ ስለደከመ። ሌላው ያው የድሮው ነው። ‹ይህን ቅራቅንቦ ጣልልኝ› እያልኩ ስንት ጊዜ ነዘነዝኩት። የለመድኩት የአማርኛ መጻፊያ በአዲስ ላይ አይሠራም እያለ እምቢ አለኝ።»

በማግስቱ መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች። ኤርሚያስም በካቴና መጣ። ጺሙ አድጓል። ብርሃነሽ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት።

«በኃይሉ፣ የጫንከው ፕሮግራም የለም።»

«ተሰርዞ ይሆናል።»

«ፍላሽህን ይዘሃል? እስቲ እንደገና ጫነው።»

ፍላሹን ሰክቶ ሊጭነው ሞከረ። ፕሮግራሙ በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም የሚል መልእክት ወጣ። ደገመ። ያው ነው።

ማርያማዊት ጨርቁን ገለጠችው። መልኩ ወደ ቢጫ የተለወጠ አሮጌ ሲፒዩ፣ የኮምፒውተሩ ዋና ሣጥን፣ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

«ይህ የድሮ 32 ቢት ነው፣ 64 ቢቱን አይቀበልም። ያን ዕለት ብትሞክረው ኖሮ ትመለስና ሌላውን ትመርጥ ነበር። አንተ ግን ለቅሶ ስትመጣ ስክሪኑን አየህና ሁሉም አዲስ መሰለህ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። እዚህ አልነበርክም። በፊት ለፊት ማንም አልገባም። የኋላውን ቁልፍ ከያዙት ሁለት ሰዎች አንዱ ሞቷል።»

በኃይሉ ፍላሹን ነቅሎ አንገቱን ደፋ።

«ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ሱቅ ለሚስቱ ወንድም ሊሰጥ ነበር» አለ ቀና ሳይል። «ሲነግረኝ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ሳላስጨርሰው መታሁት።»

«አልፈልግም ያልኩት እኮ ይህንኑ ነው» አለ ኤርሚያስ። «‹የሚገባው ለበኃይሉ ነው› ብዬ ተጨቃጨቅኩት። እምቢ ብሎ ብሎ፣ ‹እስቲ ላስብበት› አለኝ።»

በኃይሉ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ካቴናው ከኤርሚያስ እጅ ወልቆ ወደ እሱ ዞረ፤ ይዘውት ወጡ።

ጠሀ ጎንበስ ብሎ ሲፒዩውን ያዘ። «እትዬ፣ ይህን እንኳ ላውጣልዎት?»

«ተወው።»

ስንት ዓመት ጣልልኝ ያለችው ዕቃ ወንድሟን መልሶላታል። ጌታቸው ይህን ቢሰማ እንዴት በሳቀባት ነበር። ማልቀስ ፈለገች፤ አልመጣላትም። በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችለት፣ ጨርቁንም መለሰችበት። ከዚያ ቡታጋዙ መዘጋቱን ልታይ ጓዳ ገባች።