የማነጻጸሪያው ደም

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ዶክተር ትርሲት ሥራ የምትጀምረው የራሷን ደም በመስጠት ነበር። የበልጉ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን እስከ ጣሪያዋ ሲሸፍናት፣ በረኪና የሚሸተው ላቦራቶሪ ውስጥ ደም የሚለየው ማሽን ማጉረምረም ሲጀምርና የኮሪደሩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ እንደ ልማዱ ሲያንገራግር፣ የነጭ ጋዎኗን እጅጌ ሰብስባ ክንዷን ለጋሽ ይመር ትዘረጋላቸዋለች። ጋሽ ይመር ሃያ ስድስት ዓመት ደም የቀዱ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው። የእንዲህ ያለ ቤት ደንቡ ይኸው ነው፤ የታመመ ደም ከጤነኛ ደም ጎን ካልታየ ምንም አይናገርም፣ ጤነኛው ደግሞ ከሠራተኛው ክንድ ነው የሚመጣው። ሌሎቹ አንዱ ደም አነሰኝ፣ አንዱ ፈራሁ እያሉ አንድ በአንድ ሲሸሹ እሷ ብቻ ቀረች።

ሥራዋ ቲ ሴል ላይ ነው። ቲ ሴል የሰውነት የበር ዘበኛ ናት፤ ቤተሰቡን ከእንግዳ ትለያለች፣ እንግዳውን ታንቃለች። የኤች አይ ቪ ተንኮሉ ታዲያ ዘበኛዋን አታልሎ ማለፉ ብቻ አይደለም፤ እዚያው እሷው ውስጥ ገብቶ ይተኛል። መድኃኒቱ የነቃውን ይይዘዋል፣ የተኛውን ግን አያገኘውም። ትርሲት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የደከመችው ያንን የተኛውን ቀስቅሶ የሚገድል መንገድ ፍለጋ ነው።

ድካሙስ ባልከፋ። የከፋው ከኅዳር ወዲህ ምንም ነገር አልሰማት ማለቱ ነው። ምግቡ አይጣፍጣት፣ ብርዱ አይበርዳት፤ የሰባት ዓመት ልጇ ረድኤት አንገቷ ላይ ስትጠመጠም ሆዷ አይባባም። እቅፍ ታደርጋታለች፣ ፀጉሯን ትደባብሳለች፣ ግን እጇ ብቻ ነው የሚሠራው። ልጅ ደግሞ ይህን አይስትም፤ ረድኤት መጠምጠሙን እየተወች መጣች። ትርሲት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ ስታቅፋት መታቀፏ እንዲሰማት። ያ ካልተመለሰ ልጇን እንደምታጣት ታውቅ ነበር፤ ለዚህ እንኳ መደንገጥ አቃታት።

አንድ ማክሰኞ ጋሽ ይመር መርፌውን ካወጡ በኋላ ቱቦውን ጨብጠው ትንሽ ቆሙ።

«ዶክተር፣ ብርድ መታዎት እንዴ? ደምዎ እኮ ቀዝቅዟል።»

«ቤቱ ነው፣ ጋሽ ይመር።»

«ቤቱማ ለኔም ቤት ነው» አሉ በቀስታ፣ ቱቦውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው እያዩ። «የኔ ይሞቃል።»

በአፏ ብቻ ፈገግ አለችና ወደ ኢንኩቤተሩ ሄደች። ኢንኩቤተሩ ሴሎች በሰው ገላ ሙቀት የሚቀመጡበት ሳጥን ነው፤ እታችኛው መደርደሪያ ላይ በመስከረም ከራሷ ደም ለይታ ያሳደገቻቸው ሴሎች በአንድ ብልቃጥ አሉ። እንዲህ ያሉ ሴሎች ቢበዛ ጥቂት ሳምንት ይኖራሉ፤ እነዚህ ሰባተኛ ወራቸውን ይዘዋል። የሚመገቡት ቀይ ፈሳሽ በየሦስት ቀኑ መለወጥ ነበረበት፤ ሃያ ቀን ረስታው ጠርቶ፣ አምሮበት ጠበቃት። በሩን ስትከፍት የወጣው ሙቀት የመድኃኒት ሽታ አልነበረውም፤ ገላውን ታጥቦ እናቱ ደረት ላይ የተኛ የሕፃን አናት ይሸት ነበር፣ ከማራገቢያው ድምፅ ሥር ደግሞ አፍ ተዘግቶ የሚዜም የሚመስል ነገር፣ ቀጭን፣ ትንፋሽ እየወሰደ የሚቀጥል፣ ለጆሮ ደርሶ የሚመለስ ነበር። ረድኤት ረድኤት አላት፤ እንባዋ መጣ። በሩን ስትዘጋው ሁሉም ነገር ቀጥ አለ።

ደግማ ከፈተችው። ወይ ጉድ! ያው ነው። ስትከፍት እናት ናት፤ ስትዘጋ ምንም አይደለችም። ያን ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ስምንት ጊዜ ከፈተችው።

ሐሙስ ወደ ማታ ቤቷ ስትደርስ በሩን የከፈተችላት ረድኤት ነበረች። ልጅቷ አላቀፈቻትም፤ አንገቷን አስግጋ፣ በትርሲት ጎን አሻግራ፣ ጉሙ የዋጠውን ቁልቁለት ታይ ጀመር።

«ማንን ነው የምታዪው?»

«እማዬን።»

ባሏ ካሳሁን ከሳሎን ሳቁን ለቀቀው። «አንቺ ቀልደኛ! ይቺ ማናት ታዲያ?»

ረድኤት ቀና ብላ አየቻት፤ ሳትስቅ፣ ሳታኮርፍ፣ ለእንግዳ መንገድ እንደሚለቀቅ ዞር አለችላት። ትርሲት መከፋት እንደነበረባት ታውቃለች። መከፋቱን ፈለገችው፤ የለም።

በማግሥቱ፣ የብልቃጡ ሴሎች በእርግጥ የእሷ መሆናቸውን ለማየት፣ በዚያው ጠዋት የተቀዳ ደሟን ከመስከረሙ ብልቃጥ ሴሎች ጋር ቀላቀለችው። ያንድ ሰው ሴሎች ናቸውና እንደ እህትማማች ጎን ለጎን መተኛት ነበረባቸው። ሰኞ ረፋድ ላይ ጥቁር መጋረጃ ወደ ተጋረደበት የማይክሮስኮፕ ክፍል ገባች፤ ውጭው ቀን ነው፣ እዚያ ግን የገዛ እጅን የማያሳይ ጨለማ፣ የጋለ አምፖል ሽታና የራስ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ዓይኗን መስታወቱ ላይ ስታደርግ የብልቃጡ ሴሎች የእሷን አዲስ ሴሎች ከበው፣ ተጣብቀውባቸው፣ አንድ በአንድ ሲቦጫጭቋቸው አየች። ቲ ሴል እንዲህ የምታደርገው ለእንግዳ ነው።

ጋሽ ይመር ደግመው እንዲሠሩት ሰጠቻቸው፤ የማን ደም እንደሆነ አልነገረቻቸውም፣ ቱቦዎቹ ላይ የጻፈችው ቁጥር ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ወጥተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወላሂ፣ ይሄ የሁለት ሰው ደም ነው።»

ሁለቱም የእሷ እንደሆኑ ስትነግራቸው ቱቦዎቹ ላይ ያለውን ቁጥር ደግመው አነበቡ። መዝገቡን አገላበጠች፤ ቀኑ ልክ ነው፣ የእጅ ጽሑፉ የራሷ ነው። ችግሩ፣ ይህ ምርመራ ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ከሁለቱ እንግዳው የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ትርሲት ግን ወሰነች። ክንዷ ያለው እሷ ላይ፣ ስሟም ያለው እሷ ላይ ነው፤ ሰው ራሱን እንግዳ ነኝ ይላል እንዴ? ሆዴን የወሰደብኝ ይሄ ነው፣ እዚህ ተኝቶ ሲሞቅ እኔ በረድኩ፣ እሱ ከሞተ የኔ ወደኔ ይመለሳል፣ ልጄም ትመለሳለች አለች። በረኪናውን አነሳች።

«ኧረ ይቆይ፣ ዶክተር! የማን እንደሆነ ሳንለይ?»

«የኔስ አይደለም» አለቻቸው።

ብልቃጡን ስትከፍተው ያ የሕፃን አናት ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ጋሽ ይመር ሳይቀሩ ፊታቸውን አዞሩ። በረኪናውን ጨመረች። ቀዩ ፈሳሽ ነጣ፣ ሽታው አፍንጫ በሚያቃጥለው ሽታ ተዋጠ፣ ያ አፍ ተዘግቶ የሚዜመው ነገር ትንፋሽ ወሰደና ሳይቀጥል ቀረ። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። በረኪናው ገድሎ እስኪጨርስ ደንቡ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆማ ጠበቀች። ምንም አልተመለሰም።

ስልኳ ጠራ። ካሳሁን ነው፤ ረድኤት ከምትማርበት፣ እሱም ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት።

«ትርሲት፣ ደህና ነሽ አይደል? ረድኤት እየጮኸች ከክፍል ወጥታ፣ እማዬ ሞተች ብላ ግቢውን አተራመሰችው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አባበልኳት፣ እምቢ አለች። በእናትሽ፣ ድምፅሽን አሰሚያት።»

«ስጣት።»

ስልኩ ውስጥ የተቆራረጠ ለቅሶ መጣ።

«ረድኤትዬ» አለቻት።

ለቅሶው ቆመ። ልጅቷ አፍንጫዋን ሳበችና ጨዋ ልጅ ለማታውቀው ሰው በምታወጣው ድምፅ፣

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለች።

ትርሲት ለመልሱ አልተቸገረችም፤ ጓንቷን እያወለቀች፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣ «የናትሽ የሥራ ባልደረባ ነኝ የኔ ልጅ፣ እግዜር ያጽናሽ» አለቻት።