የተቆረጠው የኮፖው ዘንግ

ጆናኪ የእናቷን ኮፖው ከሞት አፋፍ ያደረሰችው በመውደድ ብዛት ነበር። ይህ ኦርኪድ ከማንጎ ግንድ ተጣብቆ፣ ሥሩን ለነፋስ ሰጥቶ የሚኖር ተክል ነው። እርሷ ግን እናቷ ባረፈች ጊዜ ከግንዱ አላቃ በማሰሮ አፈር ውስጥ ተከለችው፤ ጧት ማታም አጠጣችው። ዝናቡ ሳያባራ ቅጠሉ ተጨማደደ።

ቦሊን ከማጁሊ ደሴት የመጣ ከበሮ መቺ ነበር። የቢሁን በዓል ጭፈራ የሚመሩትን አባቷን ሊያነጋግር መጥቶ ማሰሮውን በረንዳው ላይ አየ።

«ይህን ማን ቀበረው?»

«ተከልኩት እንጂ አልቀበርኩትም!» አለች ጆናኪ።

«እኅቴ፣ ለኮፖው አፈር መቃብሩ ነው።»

ለእንግዳ የሚቀርበውን ታሙል፣ የሚታኘከውን ፍሬ፣ በሳሕን ይዛለት ወጥታ ነበር። ፍሬው የሚከተፍበትን ቢላዋ አንሥቶ የበሰበሰውን ሥር ሁሉ ቆረጠ፤ ከተረፈው ሥር ጋር ተክሉን በኮኮናት ቃጫ ጠቅልሎ ከማንጎ ጉማጅ ጋር አሰረው።

«ከእንግዲህ አርጥቢው እንጂ አታጠጪው። ደግሞ ሥር ሳያበጅ የአበባ ዘንግ ካወጣ ቁረጪው። ሥር ሳይኖረው ካበበ ይሞታል።»

«ምን ዓይነት ጨካኝ ልብ ነው ያለህ!»

«ከበሮ መቺ ልቡ እጁ ላይ ነው።»

ከዚያ ወዲህ «ቁስለኛዬ እንዴት አደረ?» እያለ ይመላለስ ጀመር። ዓይኑ ግን ከተክሉ ይልቅ በጆናኪ ላይ ይቆይ ነበር፤ እርሷም ዝምታውን መውደድ ጀመረች።

«ከበሮ ይበላል እንዴ ልጄ?» አሉ አባቷ። «የደሴቱን መሬት ወንዙ በየዓመቱ እየቆረሰ ይወስደዋል። የት ላይ ሊያኖርሽ ነው?»

ለአዝመራ ወደ ደሴቱ ሲመለስ ቦሊን እንዲህ አላት፦ «ለቢሁ ከዚሁ ተክል አበባ በጸጉርሽ ሰክተሽ ከመጣሽ፣ በማግስቱ ሽማግሌዎቼ ታሙል ይዘው አባትሽ ደጅ ይቆማሉ። ባዶ ጸጉርሽን ከመጣሽ ግን እንቢታሽ ይገባኛል።» ፍቅር ያስቸኮለው ሰው የቀደመ ቃሉን አያስታውስም።

በዓሉ ሲቃረብ ተክሉ ዘንግ አወጣ። ሥሩ ግን ገና ጫፉ ብቻ ነበር የለመለመው፤ ቅጠሉም ዳግመኛ መጨማደድ ጀመረ። ጆናኪ ዘንጉን እያየች ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ያንኑ ቢላዋ አመጣች።

«ምነው ልጄ፣ ሊያብብልሽ አልነበረም?» አሉ አባቷ።

«ቁረጪው ያለኝ እርሱ ነው፤ ለምን እንደ ቆረጥኩት ይገባዋል።»

ቦሊን ግን ለበዓሉ ሲመጣ፣ ገና ከጀልባ ሳይወርድ አንድ ወዳጁ አግኝቶት «ደስ ይበልህ፣ ተክልህ ዘንግ አውጥቷል!» ብሎት ነበር። እርሷ ባዶ ጸጉሯን ፈገግ ብላ ወደ ሜዳው ስትገባ ከበሮው አንድ ምት ሳተ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላያትም። ጭፈራው እንዳበቃ ወደ ደሴቱ ተሻገረ።

በማግስቱ ጆናኪ ደጁን ጠርጋ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። አባቷ «ሰው ልላክበት?» አላሉም፤ እርሷም «ያዘዘኝ እርሱ፣ የቀረው እርሱ፤ ልለምነው?» ብላ መልእክት አልላከችም። ኩራት የእርሷንም የቦሊንንም አፍ ዘጋ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አባቷም ካለፉ ወዲያ፣ ቦሊን ስለ በዓሉ ሜዳ ሊጠይቅ እንደ ገና መጣ፤ ሚስቱን ከበር ውጭ አቁሞ ገባ። ኮፖው ወደ ጥንት ግንዱ ተመልሶ፣ ሥሩ እንደ ገመድ ወፍሮ፣ አበባው ተንዠርግጎ ነበር።

«ዳነ ማለት ነው» አለ። ቆይቶም «ያን ዓመት ግን አብቦ አልነበረም?» ሲል ጠየቀ።

«ዘንግ አውጥቶ ነበር፤ ቆረጥኩት።»

«ለምን?»

«እርስዎ ቁረጪው ስላሉኝ።»

«ሥር ሳያበጅ…» አለ ቦሊን፣ የገዛ ቃሉ ትዝ ብሎት። ከውጭ ሚስቱ «አንተ፣ ጀልባው ሊያመልጠን ነው!» ብላ ተጣራች።

ጆናኪ ወደ ውስጥ ገብታ የታሙሉን ሳሕን አመጣች፤ ለእንግዳ እንደሚደረገው በሁለት እጇ አቀረበችለት። ያልላከውን ታሙል ከእጇ ተቀብሎ፣ ሳያኘከው ጨብጦት ወጣ።